ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ምጣድ ሲገዙ፦ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያዋጣው የት ላይ ነው?

የቤት ዕቃ ለመግዛት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ብራንድ እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅድሚያ ሊሰጠው አይገባም። አንድ ዕቃ ዓመታት የሚያገለግለው ቤቱ የሚሰጠውን መብራትና ውኃ ሲችል፣ ቶሎ የሚያልቀው ክፍሉ በጥሩ ነገር ሲሠራና ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እዚያው ከተማ ውስጥ ሲገኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ በእጅጉ ስለጨመረ፣ አንድ ቤተሰብ ለፍሪጅ የሚያወጣው ገንዘብ የብዙ ወራት ቁጠባ ሆኗል። ስለዚህ ተጨማሪ ብር መክፈል የሚያዋጣበትንና የማያዋጣበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዋናነት ለአዲስ አበባና ለሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ነዋሪ የተጻፈ ሲሆን፣ ከውጭ አገር ዕቃ ለሚልኩ ወገኖችም የሚሆን ክፍል አለው።

አንደኛ፦ ከሱቁ በፊት ቤቱን ይለኩ

በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት መስመር 220 ቮልት እና 50 ኸርዝ ነው። ይህ ግን በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የሚሰጠው ከሰፈር ሰፈር፣ ከሰዓት ሰዓትም ይለያያል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩና በቴስተር ሁለት ጊዜ ያስለኩ፤ አንዴ ጎረቤቱ ሁሉ ራት በሚሠራበት ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አንዴ ደግሞ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሌሊት ላይ። ሁለቱንም ቁጥሮች ጽፈው ይያዙ። የመጀመሪያው መስመሩ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጭነቱ ሲቀንስ ምን ያህል እንደሚወጣ ያሳያል።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ በምጣድ ማየት ይቻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ አንድ ሦስተኛው ሙቀት ጠፋ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ብዙ ሰው ሊጡን ወይም አብሲቱን ይወቅሳል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ መስመሩ ነው። በሞተር የሚሠሩ ዕቃዎች ላይ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ቮልት ሲያንሰው ያንኑ ሥራ ለመሥራት የበለጠ አምፔር ይስባል፤ በዚህም ጥቅልል ሽቦው ይግላል፣ ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽም ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ስለዚህ በምሽት የሚለካው ቮልት ከ190 በታች ከሆነ፣ ለውድ ፍሪጅ ከመቆጠብ በፊት የመስመሩ ጉዳይ መፍትሔ ሊያገኝ ይገባዋል።

በዚያው አጋጣሚ ባለሙያው ሁለት ነገር እንዲያይልዎ ይጠይቁት። የመጀመሪያው ሶኬቱ የመሬት ሽቦ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ግራውንድ፣ በእርግጥ ያለው መሆኑን ነው፤ የብረት አካል ያለው ምጣድ፣ ቦይለርና ልብስ ማጠቢያ ያለ ግራውንድ መጠቀም በሕይወት መጫወት ነው። ሁለተኛው የምጣዱ መስመር ከሌላው የተለየ መሆኑን ነው። 3,500 ዋት ማለት 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህን በዲቫይደር ማገናኘት የእሳት አደጋ መጥራት ስለሆነ፣ ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

የውኃውንም ነገር ይመልከቱ። ሙሉ አውቶማቲክ የሆኑ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ውኃ ለመቀበል ቢያንስ የተወሰነ ግፊት ይጠይቃሉ፤ መጠኑ በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ይገኛል፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር የሚሉ ብዙ ናቸው። አንድ ባር የሚገኘው በ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለ ውኃ ነው። እንግዲህ ሮቶው ከማሽኑ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነው፤ ማሽኑ በዝግታ ይሞላል፣ ወይም ጠብቆ ጠብቆ ስሕተት አሳይቶ ይቆማል። ውኃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው በባልዲ የሚሞላው ባለ ሁለት ጉድጓድ ሰሚ አውቶማቲክ ማሽን ከውዱ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል።

የበሩንና የደረጃውን ስፋትም መለካት አይርሱ፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣ ዕቃ ነውና።

ሁለተኛ፦ ዋጋውን በዓመት ያካፍሉት

ሻጩ ውዱን ሲያቀርብ ብዙ ጊዜ የሚናገረው መብራት እንደሚቆጥብ ነው። ይህን በቁጥር እንፈትነው። ዋጋዎቹን ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ስለሆነ አንባቢ በገበያው ቁጥር ይተካቸው። አንዱ ተራ ፍሪጅ 45,000 ብር ሆኖ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል፤ ሌላው ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክል ፍሪጅ 65,000 ብር ሆኖ በቀን 0.75 ይጠቀማል። ልዩነቱ በዓመት 164 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ቢከፈል ቁጠባው በዓመት 985 ብር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የ20,000 ብሩ ልዩነት በመብራት ቁጠባ ብቻ እስኪመለስ 20 ዓመት ያስፈልገዋል። ያን ያህል የሚቆይ ፍሪጅ ጥቂት ነው።

ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነና ብዙ የሚጠቀም ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ስለሚበልጥ፣ ስሌቱ ወደፊት ወደ ኢንቨርተሩ ማድላቱ አይቀርም። እንደዚያም ሆኖ በኢትዮጵያ ለውድ ዕቃ መክፈልን የሚያስረዳው ዋና ምክንያት ዕድሜው ነው። የመጀመሪያው ፍሪጅ ስድስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 7,500 ብር ያስወጣል፤ ሁለተኛው 12 ዓመት ቢቆይ ግን ወደ 5,400 ብር ዝቅ ይላል። ጥያቄው እንግዲህ ውዱ በእርግጥ ዕጥፍ ዕድሜ አለው ወይ የሚል ይሆናል፤ መልሱም በክፍሎቹ፣ በጥገናውና ዕቃውን ከቮልት መውጣትና መውረድ በሚጠብቀው መከላከያ ላይ ይመሠረታል። በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ ሌላ ስሌት አለው፦ ኪሎዋት ሰዓቱ 30 የዩሮ ሳንቲም ቢሆን ያው ልዩነት በዓመት 49 ዩሮ ስለሚቆጥብ፣ 250 ዩሮ ተጨማሪ የከፈለ ሰው በአምስት ዓመት ይመለስለታል።

ሦስተኛ፦ ከሻጩ በፊት ጠጋኙን ይጠይቁ

በየሰፈሩ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ጥገና ቤት አለ። ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ እውቀት ያለው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ጠጋኙ በየቀኑ የሚያየው የተበላሸውን ነው። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ጎራ ብለው ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው የትኛው ዓይነት ነው? መለዋወጫው መርካቶ የሚገኘውስ የየትኛው ነው? ይዘውልህ ቢመጡ አልነካም የምትለው አለ ወይ? የሦስተኛው መልስ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። አንድ ዕቃ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ በትእዛዝ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ፣ በተበላሸ ቀን ለወራት የልብስ ቁምሳጥን ሆኖ ይቀመጣል።

ስለ ልብስ ማጠቢያ ሲጠይቁ ኩሽኔታውን መቀየር ይቻል እንደሆነ ማጣራት አይርሱ። ከበሮው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከዓመታት በኋላ ማለቁ የማይቀር ሲሆን፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች የውጪው የፕላስቲክ ገንዳ በሙቀት ተጣብቆ የተዘጋ ስለሆነ በብሎን አይፈታም። ገንዳው በብሎን የታሰረ ማሽን ኩሽኔታው በጥቂት ገንዘብ ይቀየርለታል፤ የተጣበቀው ግን ገንዳው በሙሉ ይቀየር ይባላል፣ ያም የአዲስ ማሽን ዋጋ ወደሚጠጋ ወጪ ያደርሳል።

አራተኛ፦ ገንዘቡን በየዕቃው የት ላይ ማዋል እንደሚገባ

ከፍሪጅ እንጀምር። በጀርባው ወይም በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ የመረጃ ሰሌዳ ከሻጩ ንግግር የበለጠ ትናገራለች። ቮልቱ ከ220 እስከ 240፣ ኸርዙ 50 መሆኑን ይመልከቱ። ቀጥሎ የአየር ንብረት ምድቡን ይፈልጉ፤ ይህን የሚያይ ገዢ ጥቂት ቢሆንም ለአገራችን ብዙ ትርጉም አለው። ኤስኤን (SN) የሚል ፍሪጅ የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ በሆነበት፣ ኤን (N) የሚለው ከ16 እስከ 32፣ ኤስቲ (ST) የሚለው ከ16 እስከ 38፣ ቲ (T) የሚለው ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለበት እንዲሠራ የታሰበ ነው። በደጋ ከተሞች በክረምት ሌሊት የወጥ ቤቱ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። አንድ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ብቻ ያለው ፍሪጅ በዚያን ጊዜ ታችኛው ክፍል በራሱ ስለቀዘቀዘ ኮምፕሬሰሩን ለረጅም ሰዓት ያቆማል፤ ላይኛው ማቀዝቀዣ ያለው ሥጋም ይለሰልሳል። ሰው ጋዝ አለቀበት ብሎ ጠጋኝ ይጠራል፤ ፍሪጁ ግን ጤነኛ ነው። ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃንና ለመሰሎቻቸው ኤስኤን የሚለውን፣ ለድሬዳዋ፣ ለሰመራና ለጋምቤላ ደግሞ ቲ የሚለውን ይምረጡ። ሁለቱም ምድብ በአንድ ላይ የተጻፈበት ካገኙ የተሻለ ነው።

ኢንቨርተር ኮምፕሬሰር ፍጥነቱን እንደ ፍላጎቱ ስለሚያስተካክል ድንገት አይነሳም፣ ድምፁም ይቀንሳል፣ ብዙዎቹም ዝቅተኛ ቮልትን በደንብ ይችላሉ። ድክመቱ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከተለው ድንገተኛ ከፍታ ሊያቃጥለው ይችላል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መከላከያ ለመግዛት ያልወሰነ ሰው ኢንቨርተር አይግዛ። በተጨማሪም የ10 ዓመት ዋስትና የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ኮምፕሬሰሩን ብቻ መሆኑን ይወቁ፤ ቦርዱ፣ ጋዙና የጠጋኙ ዋጋ ከዋስትናው ውጭ ሊሆኑ ይችላሉና በጽሑፍ ይጠይቁ።

በረዶ የማይሠራው፣ ኖ ፍሮስት የሚባለው ፍሪጅ ፋን፣ ማሞቂያና ሴንሰር ስላለው የሚበላሽበት ነገር ይበዛል። በረዶ የሚሠራው በእጅ መጽዳት ይፈልጋል፤ ጥገናው ግን ቀላል ነው። መብራት ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ። በሩ ካልተከፈተ የሞላ ማቀዝቀዣ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ሊይዝ ይችላል፤ የታችኛው የፍሪጅ ክፍል ግን ከአራት ሰዓት በላይ አይታመንም።

ሰሌዳው ላይ የጋዙ ዓይነትም ይገኛል። በአዳዲሶቹ ላይ የሚበዛው አር600ኤ (R600a) ተቀጣጣይ ስለሆነ በትንሽ መጠን ይሞላል፤ የሚጠግነው ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ያገኘውን ሌላ ጋዝ እሞላለሁ የሚል ጠጋኝ ከመጣ ሥራውን አይስጡት።

ለፍሪጅ ከሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ሁሉ እጅግ የሚያዋጣው ለመከላከያው የሚከፈለው ነው። ቮልቱ ሲወርድ ወይም ሲወጣ መስመሩን የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ መከላከያ ይግዙ። ቆይታው አስፈላጊ የሆነው በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን ድረስ ሞተሩ ለመነሳት ስለሚቸገርና ስለሚግል ነው። ቮልቱን አስተካክሎ የሚሰጠው ስታብላይዘር የሚያስፈልገው ቮልቱ ዘወትር ዝቅ ለሚልበት ቤት ነው፤ ያኔም ኮምፕሬሰር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ ዕጥፍ አምፔር ስለሚስብ አቅሙ ሰፋ ያለ ይሁን።

ልብስ ማጠቢያ ላይ ለጠንካራ ከበሮ፣ ለሚፈታ ገንዳና መለዋወጫው ለሚገኝ ፓምፕ ይክፈሉ። ቺንጋ የሌለው፣ ሞተሩ በቀጥታ ከበሮውን የሚያዞረው ዓይነት ጸጥ ያለ ነው፤ ቺንጋ ያለውም ቢሆን ቺንጋው ርካሽና በቀላሉ የሚቀየር ስለሆነ ለዚህ ብቻ ብዙ መጨመር አያስፈልግም። ሃያ የማጠቢያ ዓይነት፣ የስልክ ግንኙነትና የሚነካ ስክሪን ዋጋ ከመጨመር በቀር ዕድሜ አይጨምሩም።

ምጣድ በአብዛኛው እዚሁ አገር የሚሠራና በማንኛውም ሰፈር የሚጠገን ስለሆነ የብራንድ ጥያቄ አያስጨንቅም፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው የሸክላው ጥራት ነው። ሸክላውን በጣት አንጓ ቀስ ብለው በተለያየ ቦታ ይምቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ደህና ነው፣ አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ከታፈነ ግን ስንጥቅ አለበት። ገጹን ዝቅ ብለው በጎን በብርሃን ይመልከቱት፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ ሊጡ እዚያ ይጠራቀማልና እንጀራው ወፍራምና ጥሬ ይሆናል። ከዚያም አገላብጠው የታችኛውን ክዳን ያስከፍቱ፦ የሚግለው ሽቦ በሸክላው ቦይ ውስጥ እኩል ተዘርግቶ ይሆን? ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ መሸፈኛ ተደርጎለታል ወይስ ባዶ ቆርቆሮ ነው? ሽቦው ከመስመሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሸክላ ማያያዣ አለው? ባዶ ቆርቆሮ ያለው ምጣድ ሙቀቱን ወደ ታች ስለሚያባክን፣ ለጥሩ መሸፈኛ ተጨማሪ መክፈል በየጋገራው የሚመለስ ወጪ ነው። ለቀለሙና ለክዳኑ ማማር ግን መጨመር አያስፈልግም።

ቦይለር ሲገዙ በገንዳው ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ መቀየር የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዘንጉ ራሱ እየተበላ ገንዳውን ከዝገት ስለሚያድን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታየት አለበት። ካውያ፣ የውኃ ማፍያና መሰል ትናንሽ ዕቃዎች ላይ መካከለኛ ዋጋ በቂ ነው። ብሌንደር ላይ ደግሞ በርበሬና ደረቅ ቅመም መፍጨት የሞተሩን ዕድሜ ስለሚያሳጥር፣ ለዚያ ሥራ ደረቅ ነገር እንዲፈጭ የተሠራውን ለብቻው ይግዙ።

አምስተኛ፦ ሱቁ ውስጥ

ካርቶኑ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያስተያዩ፤ ካልገጠመ አይግዙ። በታወቀ ብራንድ ስም የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የፊደል ግድፈት፣ የተጣመመ መለጠፊያ ወይም የአምራቹ አገር ያልተጻፈበት ሰሌዳ ይታያል። የፍሪጁን በር በቀጭን ወረቀት ላይ ዘግተው ወረቀቱን ይጎትቱ፤ በአራቱም ጎን ያዝ ሊያደርግ ይገባል፣ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይገጥምም። ሰክተው እንዲያሳዩዎ ይጠይቁና ድምፁን ያዳምጡ፤ አናሳይም የሚል ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ያገለገለ ዕቃም መጥፎ ምርጫ አይደለም። ከአገር የሚወጣ ቤተሰብ የሚሸጠው የአራትና የአምስት ዓመት ጥሩ ፍሪጅ ከአዲስ ርካሽ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ታዲያ ጠጋኝ ይዘው ይሂዱ፣ ፍሪጁም ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ሲሠራ ይዩት።

ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፣ ነጋዴውም ደረሰኝ መስጠት አለበት። ያለ ደረሰኝ ቅናሽ እናደርጋለን የሚል ሻጭ ዋስትናውን እየነጠቀዎት ነው። የዋስትናው ወረቀት ላይ ተከታታይ ቁጥሩ፣ ቀኑና የሚሸፈኑት ክፍሎች ይጻፉበት።

ስድስተኛ፦ ከውጭ አገር ለሚልኩ

ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይቀይርም፤ ስለዚህ የሞተር ዕቃ በዝግታ ይዞራል፣ ይግላልም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሳዑዲ ዓረቢያም 60 ኸርዝ መሆኗን ነው። ከዚያ የሚመጣ ፍሪጅ ሰሌዳው ላይ 50 ኸርዝ ወይም ሁለቱም ካልተጻፈበት መላክ አይገባም። ከኤምሬቶች፣ ከኳታር፣ ከኩዌት፣ ከእስራኤልና ከአውሮፓ የሚመጣው 50 ኸርዝ ስለሆነ የሚቀረው የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖሩ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዋለው ደንብ ለልብስ ማጠቢያ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ለፍሪጅ ዋና ዋና ክፍሎች ቢያንስ ሰባት ዓመት መለዋወጫ እንዲገኝ ያስገድዳል፤ እዚያው ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ፍሪጅ ቀጥ ብሎ መጓዝ አለበት። ተኝቶ ከመጣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ አቁመው ለብዙ ሰዓት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ሳይሰኩ ይተዉት። ከግድግዳው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ልብስ ማጠቢያው ከኋላው ከበሮውን ለመንገድ ያሰሩት የማጓጓዣ ብሎኖች አሉት፤ ሳይፈቱ ያስነሱት ማሽን ወለሉን እየዘለለ ይሄዳል፣ ኩሽኔታውንም በአጭር ጊዜ ይጎዳል። ብሎኖቹን አይጣሏቸው፣ ቤት ሲቀይሩ ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን አገልግሎት ይሞክሩ፦ ማሽኑን በሙቅ፣ በቀዝቃዛና በመጭመቂያው፣ ፍሪጁን ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጠው በማግስቱ በማንበብ፤ ታችኛው ክፍል ከአራት እስከ አምስት ዲግሪ ሊያሳይ ይገባል። የሰሌዳውንና የደረሰኙን ፎቶ ያንሱ፤ የሙቀት ማተሚያ ደረሰኝ በወራት ውስጥ ይደበዝዛልና። ጉድለት ካዩ የሰፈር ጠጋኝ እንዲከፍተው ሳያደርጉ ወዲያውኑ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ተከፍቶ የተገኘ ዕቃ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል።